የስቅለት ሾርባ

ወንጌላዊው «ጌታን የምትቀበሉ እጃችሁን አንሱ» ሲሉ፣ እኔ በተቀመጥኩበት አግዳሚ ላይ ያለው ሰው ሁሉ እጁን አነሳ። እኔም አነሳሁ። ምን ላድርግ ታዲያ? ከቡልጋ ከመጣሁ ገና ሳምንት ያልሞላኝ ሰው፣ ቋንቋው በማይገባኝ ሕዝብ መሀል ብቻዬን እጄን ጭኔ ላይ ጥዬ ልገተር? ደግሞም ሥራ ፈላጊ ነበርኩ። በማግስቱ ከጨለለቅቱ በላይ ባለው የሚሲዮን ግቢ በኩክነት ተቀጠርኩ። ያኔ ለፈረንጅ የሚያበስል ሰው ሴት ከሆነች ወጥ ቤት፣ ወንድ ከሆነ ኩክ ነበር የሚባለው። መዝገባቸው ላይም «አማኝ» ተብዬ ሰፈርኩ።

አማኝማ ነበርኩ! የእነሱ ቅድመ አያቶች ለዛፍ ሲሰግዱ የእኔዎቹ ሁዳዴ ይጾሙ ነበር። ነገር ግን ከእኔ በፊት የነበረው ኩክ ጠጅ ጠጥቶ ምድጃ ላይ ሊደፋ ሲል ተባሯል፤ ስለዚህ ሚሲዮኖቹ የፈለጉት በእነሱ መንገድ ያመነ፣ የማይጠጣ፣ የማያጨስ ሰው ነው። ዲላ ሱቅ የነበረው አጎቴ ምክሩ አጭር ነበር። «አፍህን ዝጋ፣ ድስትህን ክፈት» አለኝ። እኔም እንዳለኝ አደረግኩ።

ሰው ስለ ሚሲዮን ሲያወራ አገራቸውን ጥለው፣ ባሕር ተሻግረው ምናምን ይላል። እውነት ነው። እኔም ግን ባሕር አልተሻገርኩም እንጂ የመጣሁት ሰው አገር ነው። እኛ ዳቦ የምንጋግርበትን ኮባ እዚህ ቅጠሉን ትተው ሥሩንና ግንዱን ፍቀው፣ ጉድጓድ ቀብረው፣ ቆጮ አድርገው ይበሉታል። መጀመሪያ ሲነግሩኝ የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ነበር። ዘበኛችን፣ የዚያው አገር ጌዴኦ፣ ፊቴን አይቶ እስኪያስለው ሳቀ።

ፈረንጆቹ ሦስት ነበሩ። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ቀጭን፤ ከምግብ በፊት የሚጸልየው ጸሎት ሾርባ ያቀዘቅዛል። ሚስቱን «ሚሲስ» ነው የምንላት፤ ያየችውን ሁሉ ደብተር ላይ ታሰፍራለች። ሦስተኛዋ ሚስ ናቸው። ሚስ አላገቡም፣ ስልሳን አልፈዋል፣ ነርስ ናቸው። ከሬኮ እስከ ወርቃ ካለው ልጅ ግማሹን ያዋለዱት እሳቸው ናቸው ይባላል፤ የአገሩንም ቋንቋ እንደ ውሃ ይጠጡታል። አማርኛቸው ላይ ግን ወንድ የሚባል ነገር የለም፤ ላሚቱንም፣ ዶክተሩንም፣ እኔንም «አንቺ» ነበር የሚሉት። መጀመሪያ ከፋኝ፣ በኋላ ለመድኩት።

ደግሞ ጉዳቸው! ዙሪያው ቡና ነው፤ በመስኮት እጅህን ብትዘረጋ ቡና ትለቅማለህ። እነሱ ከባሕር ማዶ በቆርቆሮ የመጣ ዱቄት በሙቅ ውሃ በጥብጠው «ቡና» ብለው ይጠጣሉ። ዘበኛው አንድ ቀን ቀመሰና «ይቺ ታማለች» ብሎ ተፋው።

የእኔ ችግር የጀመረው በመጀመሪያው ረቡዕ ነው። ኩክ የሆነ ሰው ይቀምሳል። የሚጾም ሰው አይቀምስም። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ነኝ። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ በአፌ አይዞርም፤ የእነሱ ምሳ ግን ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ቅቤ በቅቤ ሆኖ መቅረብ አለበት። በዓይኔ ለክቼ፣ በእጄ መዝኜ፣ በስመ አብ ብዬ ጨው እጨምራለሁ። አንዳንዴ ይሰምራል፣ ብዙ ጊዜ አይሰምርም። ሁዳዴ ሲገባማ አይነሳ፤ አንድ ቀን የጨው ባሕር ሲጠጡ፣ በማግስቱ የተቀቀለ ጨርቅ የመሰለ ሥጋ ሲያኝኩ ወራቱን ጨረሱት።

ሚሲስ ደብተሯን ስትመረምር ረቡዕና ዓርብ ላይ ደረሰች። ጾም ግን ከየት ይምጣላት? እጄን ያነሳሁ አማኝ ነኝ። ስለዚህ በጨዉ አሳበበች። የጨለለቅቱ ገበያ ጨው ተንኮል አለው ብላ ዲላ ድረስ መኪና ልካ ከሌላ ሱቅ አስመጣች። ሱቁ የአጎቴ ነበር፣ ጨዉም ያው ጨው ነበር።

የነቁብኝ ሚስ ናቸው። አንድ ዓርብ ከክሊኒካቸው ቀጥ ብለው ወጥ ቤት ገቡና ከድስቱ በማንኪያ ጨልፈው አፌ ላይ ደገኑት።

«ቅመሺ።»

«ጥርሴን አሞኛል፣ ሚስ።»

«ምላስሽስ?»

«እሱንም ትንሽ ትንሽ።»

መነጽራቸው እስኪወልቅ ሳቁ። «አንቺ ትጾሚያለሽ» አሉኝ።

«እኔ? እጄን ያነሳሁት ሰውዬ?»

«እዚህ አገር ስንት ዘመን ኖሬያለሁ። ረቡዕ ጠዋት የምታዛጋ ሰው አውቃለሁ።»

በቃ ተባረርኩ ብዬ ሽርጤን ልፈታ ነበር። እሳቸው ግን ማንኪያውን ወደ ራሳቸው አፍ መልሰው ቀመሱና «ጨው ጨምሪ» አሉ። ለሚሲስም፣ ሙያ እንዳልረሳ ረቡዕ፣ ዓርብና የፋሲካ ሰሞን ምግቡን እኔ ላጣፍጥ ብለው ነገሯት። ሚሲስ ጻፈችው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ግቢው ሰላም ሆነ።

እነዚያን ሁለት ዓመታት እወዳቸዋለሁ። ሚስ ለመቅመስ ይመጡና በርጩማ ስበው ሲያወሩኝ ምሳ ይደርሳል። አገራቸው በገና በገና ካርድ ከሚልክ የእህት ልጅ በቀር ሰው የላቸውም። ከክሊኒኩ ጀርባ አንድ ትልቅ የዋንዛ ዛፍ አለ፤ ወደ እሱ በማንኪያ እየጠቆሙ፣ «ከዚህ ግቢ የምወጣው በቃሬዛ ነው፣ እስከዚያች ድረስ» ይሉኛል። የሚፈሩት ሞትን አይደለም። የሚሲዮናቸው ደንብ ያረጀውን ወይም አካሉ የከዳውን ሰው ወደ አገሩ ይመልሰዋል። እዚያ ለጡረተኞች የተሠራ ቤት አለ፤ ብርድ ልብስ ጉልበት ላይ ጥለው፣ በመስኮት በረዶ እያዩ የሚቀመጡበት። ሚስ ስለዚያ ቤት ሲያወሩ ሌላ ሰው ይሆናሉ።

በሦስተኛው ዓመት፣ ሁዳዴ ሊገባ ሰሞን፣ ጨዉ ተመለሰ። ሚስ ይቀምሱና «ጨምሪ» ይላሉ፤ እጨምራለሁ፤ አሁንም «ጨምሪ»። ገበታ ላይ ዶክተሩ አንድ ማንኪያ ይጎርስና ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል። ጠረጠርኩ። አንድ ዓርብ በማንኪያው ላይ በጨው ፋንታ ስኳር ነስንሼ ሰጠኋቸው። አጣጣሙ፣ ዓይናቸውን ከደን አደረጉ፣ «አሁን ልክ መጣች» አሉ።

«ሚስ፣ ስኳር ነው እኮ» አልኳቸው።

በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። ከጥምቀት ሰሞን ከያዛቸው ጉንፋን ወዲህ ሽታም ጣዕምም እንደጠፋባቸው ነገሩኝ። ወተት ይረር፣ ላምባ ይፍሰስ፣ አይታወቃቸውም።

«ለዶክተሩ ይንገሩት እንጂ፣ መድኃኒት አያጣም።»

«ዶክተሩ ለዚህ መድኃኒት የላትም። ወረቀት ነው ያላት» አሉ። በየዓመቱ የሁሉንም ጤና የሚሞላበት ቅጽ ነበር። አምና ጆሯቸው ተጽፏል፣ ካቻምና ጉልበታቸው። ዘንድሮ የሚሲዮኑ ኃላፊ ከአዲስ አበባ መጥቶ ወረቀቱን ያያል፤ ማን እንደሚቀር ማን እንደሚሄድም ይወስናል። ምላስና አፍንጫ ከተጨመረበት አለቀ። «አንቺ የኔን ምላስ ደብቂ፣ እኔ ያንቺን ጾም እደብቃለሁ» አሉኝ። እጅ ለእጅ ተማታን።

ለሁዳዴው ዘበኛውን ቀማሽ አደረግነው። ዘበኛው እንደኔ በአግዳሚ ሳይሆን ከልቡ ያመነ ነው፤ ጾም የሚባል አያውቅም። ነገር ግን ለመቅመስ ማንኪያ አይበቃውም፣ ጭልፋ ይፈልጋል። «እንዴት ነው?» ስለው «ገና አልገባችኝም» ይልና ይደግማል። ድስቱ እየጎደለ ሲሄድ እጁን እይዘዋለሁ። ያኔ «ጨው ትንሽ አነሰች» ይላል። ሆዳም ይሁን እንጂ ምላሱ አንድ ቀን አልሳተም።

ሚሲስ ግን ነገሩን ጨብጣዋለች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ እውነት እንናገር ከተባለ የፈራችውም ነገር ትክክል ነው። አንድ ቀን ወተት አርሮ ወጥ ቤቱ በጭስ ታፍኖ ሳለ፣ ሚስ እዚያው በርጩማ ላይ ሆነው መጽሐፍ ሲያነቡ አገኘቻቸው። እኔ እንጨት ላመጣ ወጥቼ ነበር። «ክሊኒክ ውስጥ የላምባ ምድጃ አለ፤ በሽተኛ የተኛበት ቤት ቢቃጠልስ?» ስትል ለባሏ ሰማኋት። ምን ልበላት?

ከዓመቱ ቀን ሁሉ መርጦ ኃላፊው የመጣው በስቅለት ዕለት ነው! በዚያ ዓመት የእነሱ ፋሲካ ከእኛ ቀድሞ አልፏል፤ ለእነሱ ተራ ዓርብ ነው። ጠዋት ሚሲስ ወጥ ቤት መጣችና ቆጣ ብላ፣ «የዛሬውን ሾርባ ሚስ ብቻዋን ታጣፍጠው። እንግዳው ራሱ ይፍረድ። ጥሩ ከሆነ ደብተሬን እቀደዋለሁ፣ ካልሆነ ግን ዝም አልልም» አለች። ዘበኛው ሐሙስ ዕለት አውራ ዶሮውን አርዶልኝ ወርቃ ለቅሶ ሄዷል። ክሊኒክ ደጅ ከተኮለኮለው በሽተኛ አንዱን ጠርቼ ላስቀምስ ብል፣ ሚሲስ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥታ ወደ ወጥ ቤቱ ዞራ ተቀምጣለች። ሳታየው የሚገባ ሰው የለም።

ሚስ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ሾርባውን ቀመሱና አዩኝ። እኔም አየኋቸው። አንድ ቁንጣሪ ጨው ጨመሩ፣ እንደገና አንድ፣ እንደገና አንድ። ከዚያ የጨዉን ጣሳ አስቀመጡና «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው ወደ ገበታው ሄዱ። እኔና ድስቱ ብቻችንን ቀረን።

ስቅለት እንግዲህ ምራቅ መዋጥ እንኳ የሚከብድበት ቀን ነው። አገር ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ይውላል። እኔ ለሚሲዮን አዳሪ ብሆንም፣ ታምሜም ቢሆን፣ ስቅለትን ገድፌ አላውቅም። ሰዓቱን አየሁ። ስድስት ሆኗል። እሱ መስቀል ላይ በዋለበት ሰዓት፣ እኔ ቡልጋ የተጠመቅኩት፣ ቅቤ የገባበት የዶሮ ሾርባ በጭልፋ አንስቼ ጠጣሁ።

ጨዉ በዝቷል። ድንች ጨመርኩ፣ ውሃ ጨመርኩ፣ ቀመስኩ። አንዴ ከገደፍኩ ወዲያ ምን ቀረኝ ብዬ ሦስተኛ ቀመስኩ። ልክ መጣ። እውነቱን ልናገር? ጣፍጦኝ ነበር። ከሃምሳ ቀን በላይ የጾመ አፍ ነው እኮ! አራተኛው ጭልፋ ለማጣፈጥ አልነበረም።

ኃላፊው ጉንጫም ሰውዬ ነበር፤ ሁለት ሳህን ጠጣና ሦስተኛውን አየት አደረገ። የወጥ ቤት እንግሊዝኛዬ ለዚህ አያንስም፤ ከአገሬ ከወጣሁ እንዲህ ያለ ሾርባ አልጠጣሁም አለ። ሚሲስ ፊቷ ቲማቲም መሰለ፤ ግን ሳቀችና ደብተሬን እቀደዋለሁ አለች። ኃላፊው ወረቀቱን አውጥቶ ጻፍ ጻፍ አደረገ፤ ሚስ በእግራቸው እስከቆሙ ድረስ እዚሁ ይኖራሉ አለ። ቀጥሎ የሚቀርበውን የድንች ሳህን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ሚስ ሳህናቸውን አዩ። ስንት ቁንጣሪ እንደጨመሩ ያውቃሉ። ከዚያ ቀና ብለው እኔን በአማርኛ፣ «አንቺ፣ ዛሬ ስቅለት ናት?» አሉኝ።

«እኔ ምን አውቄ! የእናንተ ፋሲካ አልፏል።»

«ቀምሰሻል?»

«አልቀመስኩም!»

«ከንፈርሽ ላይ ቅቤ አለች።»

«ላብ ነው!»

ቆጥሬዋለሁ፣ ሦስት ጊዜ ካድኩ። ዶሮ እንዳይጮህ አውራው ሳህናቸው ላይ ነበር።

ሚስ ተነሱ። እኔም እንድሰማ በዝግታ በእንግሊዝኛ ተናገሩ፤ ከጥምቀት ወዲህ ጣዕምም ሽታም የለኝም፤ ሾርባውን ያጣፈጠው እሱ ነው፤ እሱ ለሚያምነው ዛሬ ውሃ እንኳ የማይጠጣበት ቀን ነው፤ ለእኔ ሲል ገደፈ። መጨረሻ ላይ ያሉት በጆሮዬ ቀርቷል። «በሰው ጾም እዚህ አልኖርም» አሉ።

ዶክተሩ አንገቱን ደፋ። ሚሲስ አለቀሰች፤ አሁን ምን ያስለቅሳታል! ኃላፊው ወረቀቱን መልሶ ወደ ራሱ ሳበ። እኔ ድንቹን ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጌው ወጣሁ።

ሚስ ተከትለውኝ ወጥ ቤት መጡ። ዞር አልኩና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አልኳቸው፤ እሳቸው እንደሚሉት ሳይሆን ጠበኛ እንደሚለው። «ምን አገባሽ! እውነት ተናገሪ ብሎ ማን ለመነሽ! እኔ ስቅለቴን ሰጥቼ ያመጣሁትን አንቺ እንደ አመድ ትበትኚዋለሽ?»

«ሰጠሽኝ እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ዝም ብዬ ብወስዳት ሌባ ነኝ።»

«እሺ፣ ሌባ ሆነሽ ብትቀሪስ! አሁን እዚያ በረዶ ውስጥ ማን ይቀብርሻል?»

ሽርጤን ከሚስማሩ ላይ አውርደው ፊታቸውን ሸፈኑበት። እኔም ሄጄ እንደማቀፍ እንጨት ፈለጥኩ።

ክሊኒኩን እስኪያስረክቡ እስከ ሰኔ ይቆዩ ተባለ። በዓለ ሃምሳ ጾም የለም፤ ራሴ እቀምሳለሁ፤ ሚስ ወጥ ቤት የሚመጡበት ምክንያት አልነበራቸውም። እኔም አኩርፌያለሁ። ምሳ አቀርባለሁ፣ ሳህን አነሳለሁ፣ ከአንገት በላይ «እሺ» እላለሁ። ሚሲስ አላባረረችኝም። «ከእንግዲህ ረቡዕና ዓርብ እኔ እቀምሳለሁ» አለችኝ። ምላሷ ደህና ነው፣ ጨው ግን ትፈራለች።

ዲላ ላሉት ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ሰምተው ሰምተው፣ «ጣፈጠህ?» አሉኝ።

«ጣፈጠኝ፣ አባ።»

«እንግዲያው ለጣፈጠህ አርባ አንድ ስገድ። ለቀመስከው ግን እኔ እንጃ፣ እሱ ይወቅ» አሉኝ። በዓለ ሃምሳ ስግደት ስለሌለም ቀኖናዬ ለሰኔ ተላለፈ።

ሚስ የሄዱ ቀን አስቤዛ ልገዛ እኔም በመኪናው እስከ ዲላ አብሬ ወረድኩ። የጨለለቅቱ መንገድ ጭቃና ሰው ነበር፤ ከየአቅጣጫው ልጆቻቸውን ያዘሉ እናቶች ዳርና ዳር ቆመው ያለቅሳሉ፤ መኪናው በሰው ብዛት መሄድ አቃተው። ሚስ በመስኮት እጃቸውን አውጥተው የልጅ ጭንቅላት ሲዳብሱ ወረዱ። እኔ ከኋላ ከሻንጣዎቹ ጋር ነኝ።

ዲላ ሾፌሩ ነዳጅ ልቅዳ ብሎ ቆመ። ቀኖናዬን የምሰግድበት ቤተ ክርስቲያን ቅርብ ነው፤ ሚስም ከዘበኛው ሰምተዋል። ሚስ ዞር ብለው፣ «ቀኖናሽን ጨርሺና ነይ፣ ሻይ እየጠጣሁ እጠብቃለሁ። እንሰነባበታለን» አሉኝ። ሾፌሩ ከግማሽ ሰዓት በላይ አንጠብቅም፣ ዝናቡ ሳይብስ መንገድ እንግባ አለ።

አርባ አንድ ስግደት ማለት ለጎረምሳ ጉልበት ምንም አይደለም። ፈጠን ፈጠን ብል ሩብ ሰዓት አይፈጅብኝም ነበር። ግን ተናድጄባቸው ነበር፤ ይጠብቁኝ አልኩ፣ ትንሽ ይቸገሩ፣ እኔ የተቸገርኩትን ያህል። በየስግደቱ መሀል ቆሜ አየር ወሰድኩ። «ቀምሰሻል?» ላሉኝ እውነቱን ልመልስላቸው፣ ይቅር ልበላቸው፣ ወይስ ዝም ብዬ እጃቸውን ልሳም እያልኩ አሰብኩ። ቀስ ብዬ ሰገድኩ። ስወጣ ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ መኪናው በቆመበት ቦታ ያለው የጎማ ዱካ ብቻ ነው፣ እሱም ውሃ እየሞላው።